ጳጉሜን ግንቦት እንዳይሆን፤ ስለ ቀን አመዘጋገብ የተደረገ ንግግር

ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ የሚመስል፥ ነገር ግን በየመሥሪያ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ በየዕለቱ የሚገኝ ነው። ይኸውም የቀን አጻጻፍ ነው። በደብዳቤው ራስጌ ላይ ቀን የማይጽፍ ጸሐፊ የለም፤ ቀን የሌለው ደብዳቤም በመዝገብ ቤት ዋጋ እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ያው ቀን ከወረቀት ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተር ሠንጠረዥ፥ ከሠንጠረዡም ወደ ስታትስቲክስ ፕሮግራም ሲሻገር በመንገድ ላይ ምን እንደሚደርስበት የሚከታተለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህን መንገድ ዛሬ ከእናንተ ጋር አብሬ ልሄድበት አሰብሁ።

አስቀድሜ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2011 ዓ.ም. ስሙን መጥራት በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራተኞች ዝርዝር ከአሮጌው ፋይል ወደ ኤክሴል ሠንጠረዥ ተገለበጠ። ከዚያም ዝርዝሩ ወደ ስታትስቲክስ ፕሮግራም ገብቶ፥ 60 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ስም ተለይቶ እንዲወጣ ታዘዘ። ፕሮግራሙም ትእዛዙን በአንድ አፍታ ፈጸመ። ከወጡት ስሞች መካከል በመዝገብ ቤት የሚሠሩ የአንዲት ወይዘሮ ስም ይገኝበት ነበር። የጡረታው ደብዳቤ ተጽፎ፥ ታትሞ ለፊርማ ቀረበ።

ወይዘሮዋ ይህን በሰሙ ጊዜ አልጮሁም፤ አላለቀሱምም። የራሳቸውን ፋይል ከመደርደሪያው አውርደው ሠንጠረዡን ወደሚጠብቀው ወጣት ሠራተኛ መጡ። «ልጄ፥ እኔ የተወለድሁት ጳጉሜን 5 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። 60 ዓመት የሚሞላኝ በ2017 መጨረሻ ነው። አንተ ዘንድ ምን ተብሎ ተጽፏል?» አሉት። ወጣቱ ሠንጠረዡን ከፍቶ ተመለከተና፥ «እትዬ፥ ሜይ 13 ቀን 1957 ይላል» አላቸው። ወይዘሮዋም ጥቂት ዝም ብለው፥ «ሜይ ማለት በፈረንጅ ግንቦት አይደለም እንዴ? ታዲያ ጳጉሜንን ግንቦት ያደረገብኝ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው መልስ የሚገባው ጥያቄ ነበር። ፋይሉ ሲመረመር ያጠፋ ሰው አልተገኘም። ገልባጩ ወረቀቱን አይቶ «5/13/1957» ብሎ በትክክል ጽፎ ነበር። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ የተስተካከለው በአሜሪካ ሥርዓት ስለ ነበረ ወርን አስቀድሞ ቀንን አስከትሎ አነበበ። አምስተኛው ወር ሜይ ነው፤ ቀኑም 13 ነው፤ ዓመቱም 1957 በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው ብሎ ተቀበለ። እውነተኛው የወይዘሮዋ የልደት ቀን ግን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1965 ነው። በሁለቱ መካከል 3,042 ቀናት፥ ማለት ስምንት ዓመት ከአራት ወር ያህል አለ። ይህ በአንድ ሠራተኛ ኑሮ ላይ ስምንት ዓመት ሙሉ የደመወዝ ጉዳይ ነው፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ ጉዳይ ነው።

ደብዳቤው ሳይፈረም ቀረ። ይህም የሆነው ወይዘሮዋ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለ ሆኑና ፋይሉ በእጃቸው ስለ ነበረ ነው። ፋይሉ በእጁ የሌለ፥ ጠያቂም የሌለው ሰው ስሙ በእንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ የወጣ እንደ ሆነ ማን ይናገርለታል? እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ይህ ጥያቄ በሌላ ጠረጴዛ ላይ እንዳይነሣ ምን ማድረግ እንደሚገባን ለመግለጽ ነው።

መጀመሪያ የሠንጠረዡን ጠባይ እንወቅ። ኤክሴል ቀንን እኛ እንደምናውቀው አያውቀውም፤ የሚያውቀው ቁጥርን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዩወሪ 1 ቀን 1900ን «1» ብሎ ይጀምርና ከዚያ ወዲህ ያለውን እያንዳንዱን ቀን አንድ በአንድ ይቈጥራል። ለምሳሌ የ2017 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን፥ ማለት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024፥ ለኤክሴል 45,546 የሚባል ቁጥር ነው። በዐይናችን የምናየው «ሴፕቴምበር 11» የቁጥሩ ልብስ ነው እንጂ ገላው አይደለም። ይህ አሠራር ጥቅም አለው፤ አንዱን ቀን ከሌላው ስንቀንስ በመካከል ያለው የቀን ብዛት ወዲያው ይገኛል። ጉዳቱ ግን ቁጥሩ አንድ ጊዜ ከተለወጠ በኋላ ቀድሞ የተጻፈው ነገር በሠንጠረዡ ውስጥ አለመቅረቱ ነው።

በዚህ ቈጠራ ውስጥ አንድ የቈየ ስሕተት አለ። በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በመቶ የሚካፈል ዓመት በ400 ካልተካፈለ በቀር ሠግር አይሆንም፤ ስለዚህ በ1900 ፌብሩወሪ 28 ቀን ብቻ ነበረው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሎተስ 1-2-3 የተባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም 1900ን ሠግር አድርጎ ቈጠረ። ኤክሴል በኋላ ሲመጣ የሎተስ መዝገቦች ከእርሱ ጋር እንዲስማሙ ሲባል ስሕተቱን ዐውቆ ወረሰ። በዚህ ምክንያት በኤክሴል ውስጥ 60 ቁጥር ያልነበረ ቀን፥ ማለት ፌብሩወሪ 29 ቀን 1900 ሆኖ ይገኛል። የኤክሴልን ቁጥር ወደ ሌላ ፕሮግራም የሚወስድ ሰው መነሻውን ዲሴምበር 30 ቀን 1899 እንዲያደርግ የሚመከረውም ይህን አንድ ቀን ለማካካስ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ በቀድሞ የማኪንቶሽ ኮምፒዩተሮች የተሠሩ መዝገቦች ቈጠራቸውን ከ1904 ይጀምራሉ። የሁለቱ ልዩነት 1,462 ቀናት፥ ማለት አራት ዓመት ከአንድ ቀን ነው። በአንድ መዝገብ ውስጥ ሁሉም ሰው በአራት ዓመት ከአንድ ቀን ያነሰ ወይም የበለጠ ሆኖ ከተገኘ ምክንያቱን ከሌላ ስፍራ መፈለግ አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ወደ ስታትስቲክስ ፕሮግራሙ እንሻገር። ዛሬ በብዙ የጥናት ክፍሎች የሚሠራበት አር የተባለው ፕሮግራም በኒውዚላንድ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጄንትልማን የተጀመረ፥ ያለ ዋጋ የሚገኝ መሣሪያ ነው። አንደኛው ሙሉ እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩወሪ 29 ቀን 2000 ነው፤ 2000 በ400 ስለሚካፈል ይህ ፌብሩወሪ 29 በእውነት የነበረ ቀን ነው። አርም እንደ ኤክሴል ቀንን በቁጥር ይይዛል፤ መነሻው ግን ጃንዩወሪ 1 ቀን 1970 ነው። ስለዚህ የኤክሴሉ 45,546 ለአር 19,977 ይሆናል፤ ልዩነቱ ሁልጊዜ 25,569 ነው። ከ1970 በፊት ያለውን ቀን አር ከዜሮ በታች በሆነ ቁጥር ይይዘዋል፤ ይህም ስሕተት አይደለም።

እንግዲህ ሁለቱ መሣሪያዎች የየራሳቸው ቈጠራ እንዳላቸው ካወቅን ዘንድ፥ የእኛ ቀን በመካከላቸው ሲያልፍ የሚደርስበትን እንመልከት። እኛ ቀንን፥ ወርን፥ ዓመትን በተራ እንጽፋለን። ወራታችን 13 ናቸው፤ 12ቱ እያንዳንዳቸው 30 ቀን አላቸው፤ ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን አላት። ይህን ወርን በሚያስቀድም በአሜሪካ ሥርዓት በተስተካከለ ኮምፒዩተር ላይ ብንጽፍ፥ ከወሩ ከ1 እስከ 12 ባሉት ቀናት የተጻፈው ሁሉ ተገልብጦ እንደ ፈረንጅ ቀን ይገባል። ከ13 እስከ 30 ባሉት ቀናት የተጻፈው ግን አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል በፈረንጅ ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ሳይለወጥ ይቀራል። ስለዚህ በአንድ ዓምድ ውስጥ ከአምስት እጅ ሁለት እጅ ያህሉ የተሳሳተ ቁጥር፥ ሦስት እጅ ያህሉ ትክክለኛ ጽሑፍ ሆኖ ይገኛል። በዐይን ለሚያየው ሰው ግን ሁሉም ቀን ይመስላል።

ኮምፒዩተሩ ቀንን በሚያስቀድም በእንግሊዝ ሥርዓት የተስተካከለ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ነገሩ የባሰ ስውር ይሆናል። ከጳጉሜን ቀኖችና እንደ ጥቅምት 30 ካሉት ጥቂቶች በቀር ሁሉም ይገባል፤ ጥቅምት 30 የሚቀረው በፈረንጅ ሁለተኛ ወር 30 ቀን ስለሌለ ነው። ለምሳሌ የካቲት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. «30/6/2012» ተብሎ ቢጻፍ ኮምፒዩተሩ ጁን 30 ቀን 2012 ብሎ ያለ አንዳች ጥርጥር ይቀበላል። እውነተኛው ቀን እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2020 ነው። 2,809 ቀናት ጠፉ፤ ጩኸትም ማስጠንቀቂያም አልተሰማም። በዚያ ቀን የተወለደ ሕፃን ክትባት ሊሰጠው ሲመጣ በመዝገቡ የሰባት ዓመት ተኩል ልጅ ሆኖ ይቈያል ማለት ነው።

ዝርዝሩ ወደ አር ሲገባ ሌላ ግምት ይጨመርበታል። ሪድኤክስኤል የተባለው የአር መሣሪያ የእያንዳንዱን ዓምድ ዓይነት ካልነገሩት የመጀመሪያዎቹን 1,000 ረድፎች ተመልክቶ ራሱ ይገምታል። በእነዚህ ውስጥ ቀንና ጽሑፍ ተደባልቆ ካገኘ ዓምዱን በሙሉ ጽሑፍ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ በአንዱ ረድፍ «15/4/1961» የሚል፥ በሚቀጥለው «20953» የሚል ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ «ተበላሽቷል» ብሎ ይሰርዘዋል። ነገር ግን ተበላሽቶ አይደለም፤ 20,953 የእነዚያ ወይዘሮ ሜይ 13 ቀን 1957 ነው። የመጀመሪያዎቹ 1,000 ረድፎች ሁሉ ቀን መስለው ከታዩ ደግሞ ዓምዱን የቀን ዓምድ ያደርግና ከዚያ በታች ያሉትን ጽሑፎች «ኤን ኤ» በሚል ምልክት ባዶ ያደርጋቸዋል። ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ነገር ግን ማስጠንቀቂያ የሚጠቅመው የሚያነበው ሲገኝ ነው።

የዓመት ማሳጠርም አደጋ አለው። «57» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ዓመት በኤክሴል በተለመደው አቀማመጡ 1957 ይሆናል። በአር ግን ከ00 እስከ 68 ያሉት ሁለት አኃዞች 2000ን፥ ከ69 እስከ 99 ያሉት 1900ን የሚከተሉ ስለ ሆነ ያው «57» 2057 ይሆናል። አንድ ሰው በአንዱ መሣሪያ ጡረተኛ፥ በሌላው ያልተወለደ ይሆናል ማለት ነው። ሁለት አኃዝ ቀለም ለመቈጠብ ሲባል መቶ ዓመት መክሰር አይገባም።

ይህ ችግር በእኛ ብቻ የደረሰ አይምሰላችሁ። የሰውን የዘር ቅንጣቶች የሚያጠኑ ሊቃውንት «ሰፕት1»፥ «ማርች1» የሚሉ አጭር ስሞች ነበሩአቸው፤ ኤክሴል ግን እነዚህን የሴፕቴምበርና የማርች ቀኖች ናቸው ብሎ ይለውጣቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ምርመራ የዘር ቅንጣት ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙት የጥናት ጽሑፎች ከአምስቱ አንዱ ያህል ይህ ስሕተት እንዳለበት አሳየ። በ2020 ስም የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ስሞቹን እስከ መለወጥ ደረሰ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር የኮሮና ምርመራ ውጤቶች በአሮጌው የኤክሴል ዓይነት መዝገብ ሲሰበሰቡ፥ ያ ዓይነት መዝገብ ከ65,536 ረድፍ በላይ የማይዝ ስለ ሆነ 15,841 በበሽታው የተያዙ ሰዎች ውጤት ሳይቈጠር ቀረ፤ ከእነርሱ ጋር የተገናኙትንም ሰዎች ፈልጎ ማስጠንቀቁ ዘገየ። ከሁለቱ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያው ሲሳሳት አይደነግጥም፥ አያፍርም፥ አይጠይቅምም። መጠየቅ የሰው ሥራ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ መፍትሔው እንሂድ። መፍትሔው ደግሞ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ ለመለወጥ ብዙ ሰው ስምንት ዓመት ብቻ ይጨምራል። ይህ ግን የሚሠራው ከጃንዩወሪ 1 ቀን ወዲህ ነው፤ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው። የቀኑም ልዩነት በየአራት ዓመቱ በአንድ ቀን ይዛወራል፤ ከጳጉሜን 6 በኋላ የሚመጣው መስከረም 1 ቀን በሴፕቴምበር 11 መሆኑ ቀርቶ በ12 ይውላል። ስለዚህ በግምት መደመርን ትተን በሒሳብ እናስላው።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘመንን ለአራት ከፍለው ሙሉ ድርሻውን መጠነ ራብዕት ይሉታል፤ የሚተርፈውም የወንጌላዊውን ስም ያሳያል። አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፥ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፥ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፥ ያለ ትርፍ ቢካፈል ዮሐንስ ነው፤ ጳጉሜን 6 የምትሆነውም በዘመነ ሉቃስ ነው። እነርሱ የሚከፍሉት 5,500 የተጨመረበትን ዓመተ ዓለም ነው፤ 5,500 ለአራት ያለ ትርፍ ስለሚካፈል በዓመተ ምሕረቱም ብንከፍል ትርፉ አይለወጥም። ይህ የጥንት ሒሳብ ዛሬ በአር ውስጥ የምንጽፈው ትእዛዝ ዋና ክፍል ነው። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ዓመቱን በ365 አብዛው፤ መጠነ ራብዕቱን ጨምርበት፤ ከወሩ ቁጥር አንድ ቀንሰህ በ30 አብዛና ጨምር፤ ቀኑን ጨምር፤ ከጠቅላላው 691,164 ቀንስ። የሚገኘው የኤክሴል ቁጥር ነው። ከዚያ 25,569 ብትቀንስ የአር ቁጥር ይሆናል።

በወይዘሮዋ ልደት እንፈትነው። 1957 በ365 ሲባዛ 714,305 ነው። 1957 ለአራት ሲካፈል 489 ደርሶ አንድ ይተርፋል፤ ዘመኑ ማቴዎስ ነው። ጳጉሜን አሥራ ሦስተኛ ወር ስለ ሆነች 12 በ30 ሲባዛ 360 ነው። ቀኑ 5 ነው። ሲደመር 715,159 ይሆናል፤ 691,164 ሲቀነስ 23,995 ይቀራል። ይህን ቁጥር በኤክሴል የቀን ልብስ ብናለብሰው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1965 ብሎ ይነግረናል። ለአር ሲሆን ከዜሮ በታች 1,574 ነው። አንድ ጊዜ በትክክል የተጻፈ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለአንድ ሰውም ለመቶ ሺህ ሰውም በእኩል ይሠራል።

ከዚህ ቀጥሎ ለየመሥሪያ ቤታችሁ የሚጠቅሙ አምስት ምክሮች ላቅርብ።

አንደኛ፤ ቀንን በአንድ ሣጥን ውስጥ አታጭቁት። ቀን፥ ወር፥ ዓመት ለየብቻቸው በሦስት ዓምድ ይጻፉ፤ በአራተኛው ዓምድ ደግሞ አቆጣጠሩ የኢትዮጵያ ወይም የኤውሮፓ መሆኑ ይጻፍ። ሦስቱ ተራ ቁጥሮች ስለ ሆኑ ኮምፒዩተሩ የሚገምተው ነገር አያገኝም። አራተኛው ዓምድ ትርፍ ሥራ ቢመስልም አቆጣጠሩ ያልተጻፈበት ቀን ግማሽ ቀን እንደ ሆነ አስቡ።

ሁለተኛ፤ በአንድ ዓምድ መጻፍ ግድ ከሆነ መጻፍ ሳትጀምሩ ዓምዱ የጽሑፍ ዓምድ እንዲሆን እዘዙት። ከተጻፈ በኋላ ማዘዝ ግን አይጠቅምም፤ ያን ጊዜ የሚወጣው ቁጥሩ ነው እንጂ የጻፋችሁት አይመለስም። ዓመትን በማስቀደም «2017-01-05» ብሎ የሚጻፈው ዓለም አቀፍ ደንብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ደንቡ የተሠራው ለጎርጎርዮስ አቆጣጠር ስለ ሆነ የእኛን ቀን በዚያ መልክ ብንጽፍም ኤክሴል የፈረንጅ አድርጎ ይወስደዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፤ ሠንጠረዥ ወደ አር ስታስገቡ ፕሮግራሙ እንዲገምት አትተዉት፤ ሁሉንም ዓምድ መጀመሪያ እንደ ጽሑፍ እንዲያነብ እዘዙ። ከዚያ በኋላ አኃዝ ብቻ የሆኑትን በእዝባር ከተከፈሉት ለይታችሁ እያንዳንዱን ወገን በራሱ ሥርዓት ለውጡ። የኢትዮጵያን ቀን አር ለፈረንጅ ቀን ባዘጋጀው ትእዛዝ ለመለወጥ አትሞክሩ፤ ጥቅምት 30ን አላውቅም ይላል፥ የካቲት 30ን ግን በውሸት ዐውቃለሁ ይላል። ቀኑን በእዝባሩ ከፍላችሁ ቅድም በተናገርሁት ሒሳብ አስሉት። በአሜሪካ ሥርዓት የተገለበጡትም ቢሆኑ አልጠፉም። ኮምፒዩተሩ ወር ያለው የእኛ ቀን ነው፤ ቀን ያለው የእኛ ወር ነው። ከሜይ 13 ውስጥ ቀን 5ንና ወር 13ን አውጥቶ ጳጉሜንን ወደ ቦታዋ መመለስ ይቻላል። ስሕተቱ ሥርዓት ያለው በመሆኑ ማቃናቱም ሥርዓት አለው።

አራተኛ፤ ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት መርምሩት። ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ስንት ቀን እንደ ነበረ ቍጠሩ፤ የቀደመውንና የመጨረሻውን ቀን ተመልከቱ። ከተወለደበት ቀን በፊት የተቀጠረ፥ ወይም በ8 ዓመቱ ሥራ የጀመረ ሰው ካለ ቁሙ። የወሩ ቀኖች ከ13 በላይ አልፈው የማይገኙ ከሆነ ቀንና ወር እንደ ተቀያየሩ ዕወቁ። በመጨረሻም ሃያ ያህል ስሞችን በዕጣ አውጥታችሁ ከወረቀቱ ፋይል ጋር አስተያዩ። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አምስተኛ፤ የመጀመሪያውን መዝገብ አትንኩት። ሁሉም እርማት በአር ትእዛዝ ተጽፎ ለብቻው ይቀመጥ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ምን እንደ ተለወጠና ለምን እንደ ተለወጠ አንብቦ ይረዳ። በእጅ የተደረገ እርማት ያረመው ሰው ሲዛወር አብሮት ይሄዳል።

አቆጣጠርን መጻፍ ምን ያህል እንደሚጠቅም በአንድ የታወቀ ሥራ ላስረዳ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2000፥ በ2005፥ በ2011ና በ2016 የተደረጉት የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች መዝገቦቻቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የተያዙት። በእነዚህ መዝገቦች ወር የሚጻፈው ከዓመቱ 1900 ተቀንሶ፥ በ12 ተባዝቶ፥ የወሩ ቁጥር ሲጨመርበት በሚገኝ ቁጥር ነው። በዚህ ሥርዓት መስከረም 2000 ዓ.ም. 1,201 ነው፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2007 ደግሞ 1,293 ነው። ልዩነቱ 92 ወር ነው። የሕፃንን ዕድሜ ለማወቅ የልደቱን ወር ከጥያቄው ወር መቀነስ ብቻ ስለሚበቃ፥ ሁለቱም በአንድ አቆጣጠር እስከ ሆኑ ድረስ ስሕተት የለም። ነገር ግን ያንኑ መዝገብ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈ የዝናብ መዝገብ ጋር ለማገናኘት የፈለገ ሰው 92ን ካልጨመረ፥ ሕፃኑ ከመወለዱ ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በፊት በዘነበ ዝናብ የሰብሉን ሁኔታ ይመዝናል። ጥናቱን የሠሩት ሰዎች አላጠፉም፤ አቆጣጠሩ የቱ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ የተነሣው ነው ያጠፋው።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህን ሁሉ ስናገር መሣሪያውን ለመውቀስ አይደለም። አንድ ጸሐፊ በወር የማይጨርሰውን ሥራ ኮምፒዩተር በአንድ ደቂቃ ይጨርሳል፤ ያለ እርሱም እንሥራ የሚል ሰው የለም። ነገር ግን መሣሪያው የተሠራው ጳጉሜን በማይታወቅበት አገር ነው። አሥራ ሦስት ወር እንዳለን እኛ ካልነገርነው ማንም አይነግረውም። የምንነግረውም በጩኸት አይደለም፤ አራተኛዋን ዓምድ በመጨመር፥ ዓመቱን በአራት አኃዝ በመጻፍ፥ ከመፈረም በፊት ሃያ ፋይል በማስተያየት ነው።

ከፊታችሁ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ እያንዳንዱ ረድፍ ሰው ነው። የልደቱ ቀን ለእናንተ ቁጥር ቢሆንም ለእርሱ እንጀራው፥ ጡረታው፥ የልጁ ክትባት ነው። እነዚያ ወይዘሮ ፋይላቸውን አቅፈው በደረጃው ሲወርዱ ወጣቱ ሠራተኛ ተከትሎአቸው ወጣና፥ «እትዬ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ ማሽኑን አምኜ ነው» አላቸው። እርሳቸውም፥ «ማመኑንስ እመነው ልጄ፤ ግን ሳትጠይቀው አትመነው» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መሥሪያ ቤት ሠንጠረዥ ውስጥ «አቆጣጠር» የምትል አንዲት ጠባብ ዓምድ አለች። በእናንተም መዝገብ ውስጥ ነገ ጧት ብትጨመር ንግግሬ በከንቱ አልቀረም።